ለትንሽ ሰውነት የሚስማማ የፈረሰኛ ምንሽር፦ አንድ ጥያቄና የተከተሉት ምላሾች

ጥያቄውን በኢንተርኔት መድረክ ላይ የከፈተችው ቨርጂኒያ የምትኖር እህት ናት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ52፣ ክብደቷ 48 ኪሎ እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው ጽፋለች፤ ነገሩ በሙሉ በዚህ ላይ ስለሚያርፍ ደግ አደረገች። የድሮ የወታደር ጠመንጃ ብቻ ይዞ ዒላማ የሚተኩስ ክበብ ውስጥ ገብታለች። እዚያ የሚያውሷት ግን ረጅም ረጅሙን ነው፤ ቆማ ስታነጣጥር ክንዷ ይዝልና አፈሙዙ ይወርድባታል። አሁን ልቧ ያረፈው ጣሊያኖች ለፈረሰኛ ጦራቸው በሠሩት የ1891 ሞዴል አጭር ምንሽር ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ የመሣሪያ ክምችት ተገዝተው አሜሪካ ከገቡት መካከል አንዱን የሚሸጥ ሰው አግኝታለች። ባለቤቷ ደግሞ አዲስና ቀላል ጠመንጃ ይሻልሻል እያለ ይሟገታታል። የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ መሣሪያው ለእሷ ቁመት ይሆናል ወይ፣ ሰደፉ ከረዘመባትስ አስቆርጣ ብታሳጥረው ችግር አለው ወይ።

ከዚህ በታች በቁጥር እየጠራሁ የማወራው የተሰጣትን መልስ ነው። ሰላምታና ምርቃት ብቻ የሆኑትን አልፌአለሁ። ዓመቶቹ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው ምላሽ ትሁትና አጭር ነበር። እንኳን ወደ ስፖርቱ በደህና መጣሽ ብሎ ጀመረና መጠኑን አስቀመጠላት። የእግረኛው ረጅም ምንሽር ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 129 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ባዶውን 3.8 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የፈረሰኛው 92 ሳንቲ ሜትርና 3 ኪሎ ገደማ ነው። ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ ብቻ ከ78 ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። ስለዚህ ያለ ጥርጥር ለእሷ የሚሆን ነው ብሎ ደመደመ።

2ኛው ምላሽ ድምዳሜውን አልተቀበለም፤ በእኔ እምነት ከክሩ (ከጥያቄና ምላሹ ሰንሰለት) ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው። የፈረሰኛ ጠመንጃ ሲያጥር የሚያጥረው ከፊት ነው፤ ሰደፉ ብዙም አይነካም። ፈረሰኛው ከእግረኛው ያልተለየ ቁመት ያለው ጎልማሳ ስለሆነ፣ ፈረስ ላይ በመቀመጡ ከትከሻው እስከ ጣቱ ያለው ርቀት አይቀየርም። መሣሪያው ያጠረለት ሲወጣና ሲወርድ፣ በጀርባው አንግቶ ሲጋልብ እንዳያደናቅፈው ነው። የሰውነት ልክ የሚታወቀው እንግዲህ ከሰደፉ ጫፍ እስከ ቃታው ባለው ርቀት ነው። አለካኩንም ነገራት፦ መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጣ፣ ክንዷን በክርኗ ላይ ወደ 90 ዲግሪ አጥፋ፣ የሰደፉን ጫፍ መታጠፊያው ላይ ታስደግፍ። የጠቋሚ ጣቷ የመጀመሪያ አንጓ ሳይንጠራራ ቃታው ላይ ካረፈ ልኳ ነው፤ ካልደረሰ ረዝሞባታል። አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ የሚወጡ አዳዲስ ጠመንጃዎች ላይ ይህ ርቀት ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለታዳጊ የሚሠሩት ወደ 31 ይወርዳሉ። ጫማ በቁጥር እንደሚገዛ ጠመንጃም በዚህ ቁጥር መገዛት አለበት ባይ ነው።

ይህን ምላሽ ያነበበ ሁሉ ቢይዘው ደስ ይለኛል። ሰደፍ የረዘመበት ሰው ሳያውቀው ሰውነቱን ያጣምማል። ወገቡን ወደ ኋላ ይለጥጣል፣ አንገቱን ያሰግጋል፤ ሰደፉም ከትከሻው ጎድጓዳ ወጥቶ ክንዱ ጡንቻ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በየተኩሱ ክንዱ እየበለዘ ጥፋቱን በጥይቱ ያላክካል። ብዙ ሴቶችና ታዳጊዎች ከዒላማ ሜዳ ተከፍተው የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ድካማቸውን አይቶ ልካቸውን የለካላቸው ሰው የለም።

3ኛው ጸሐፊ ከሚኒሶታ ነው። 2ኛውን አክብሮ፣ 1ኛውም ሙሉ በሙሉ እንዳልተሳሳተ አሳሰበ። የባለቤቱ ቁመት ከጠያቂዋ ብዙም አይርቅም። ረጅሙን ስትይዝ ክብደቱ ከግራ እጇ አልፎ ወደፊት ስለሚወድቅ፣ ሦስተኛው ጥይት ላይ ክንዷ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የፈረሰኛውን ስትይዝ ክብደቱ በሁለት እጆቿ መካከል ስለሚያርፍ ረጋ ብላ ታነጣጥራለች። እንግዲህ የፊቱ ማጠርም የልክ አካል ነው ማለቱ ነው። ሚዛኑን ትንሽ ወደፊት የሚጎትተው አፈሙዙ ስር ተሰክቶ የሚታጠፈው ሳንጃ ነው። ይህ ሳንጃ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተሠራ፣ ተዘርግቶም ታጥፎም በቁልፍ የሚያዝ ነው። ክብደት ለመቀነስ ብላ እንዳትነቅለው አስጠነቀቃት፤ መሣሪያው የሚታወቅበት አንዱ አካሉ እሱ ነውና።

እስከዚህ ድረስ ጨዋ ወግ ነበር። 4ኛው ከዳላስ ገባና ነገሩን አከረረው። አንድ ጊዜ የሩሲያን የ1938 ሞዴል አጭር ሞሲን ተኩሶ ከአፈሙዙ የወጣው እሳት ፊቱን አሙቆት፣ ትከሻው ለቀናት ጠቁሮ እንደነበር ተረከ። አጭርና ቀላል መሣሪያ ሁሉ ይራገጣል፤ 48 ኪሎ የሆነች ሴት የፈረሰኛ ጠመንጃ ትያዝ ማለት ጭካኔ ነው ብሎ መካሪዎቹን ሁሉ ወቀሰ።

5ኛው አልታገሠውም። ሰውየው የተኮሰው ሌላ ጥይት መሆኑን ሳያይ ስለ ሌላ መሣሪያ መፍረዱ አናዶታል፤ አነጋገሩም ሸካራ ነበር። ቁም ነገሩ ግን ትክክል ነው። የምንሽሩ ጥይት 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉ ክብ፣ ክብደቱ 10.5 ግራም ያህል ሆኖ ከረጅሙ ጠመንጃ በሰከንድ ወደ 700 ሜትር ይወጣል። ጉልበቱ ሲሰላ 2,600 ጁል ገደማ ነው። ከ45 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ሲወጣ ፍጥነቱ ከዚያም ይቀንሳል። የሞሲኑ 7.62 ደግሞ ከ3,000 ጁል በላይ ነው። ሁለቱም አጫጭር ስለሆኑ አንድ ናቸው ማለት በቅሎንና ፈረስን በጭራቸው እንደ መመዘን ነው ብሎ ዘጋው። 4ኛው ጸሐፊ ተመልሶ መጣና በ6ኛው ላይ ስድብ ቀረሽ ነገር ጻፈ፤ እሱን አልደግመውም።

በ7ኛው የመጣችው ሴት የሁለቱን ጠብ አለፈችና ለጠያቂዋ ብቻ ጻፈች። ልምዷ እንደሚያስተምራት ትንሽ ሰውነት ያለው ሰው በትክክል ከቆመ ከምቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ተቋቁሞ የሚገትረው ትልቅ ሰው ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል። ከአጭር ቱቦ የሚያስፈራው ይልቅ ድምፁ ነው። ድምፁን የፈራ ሰው ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዐይኑን ይጨፍናል፣ ጥይቱም ይስታል። ጆሮዋ ውስጥ የሚገባውንና ከላይ የሚደፋውን መከላከያ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንድታደርግ መከረቻት። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

8ኛው ስለ ጥይቱ ውፍረት ጻፈ። የሌሎች አገሮች 6.5 ጥይቶች እርሳስ ውፍረቱ 6.71 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የምንሽሩ ግን 6.80 ነው። ቀጭኑን የጫነ ፋብሪካ ጥይት ገዝተው ተኩሰው፣ ዒላማው ላይ ሲበታተንባቸው መሣሪያውን የሚያጣጥሉ ሰዎች ሞልተዋል። የምንሽር መጥፎ ስም ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። ትክክለኛውን ውፍረት የያዘ ጥይት ዛሬም ይሠራል፤ ሳጥኑ ላይ ያለውን አንብባ ትግዛ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፦ በመሣሪያው ከመፍረዳችን በፊት የሚገባውን ጥይት እንስጠው።

9ኛው ወደ ታሪክ ወሰደን። ጠመንጃው የ1891 ሞዴል ነው። መዝጊያው በቶሪኖ የመሣሪያ ፋብሪካ ይሠራ በነበረው በሳልቫቶሬ ካርካኖ ስም ይጠራል፤ ስድስት ጥይት በአንድ ማሰሪያ የሚገባበት ዘዴ ደግሞ ከኦስትሪያዊው ማንሊከር የመጣ ነው። የፈረሰኛው በ1893 ተከተለ። የማቀባበያው እጀታ ወደ ታች ታጥፏል፣ ማንገቻው ከጎን ነው፤ ሁለቱም ጀርባ ላይ ተለጥፎ እንዲቀመጥ ያደርጉታል። በኋላ ቤርሳልዬሪ የሚባሉት የጣሊያን ፈጣን እግረኞች፣ በብስክሌት የሚሄዱት፣ ታጠቁት።

10ኛው ይህን አንብቦ ዓድዋ ላይ የማረክነው ይህንን ነው ብሎ በኩራት ጻፈ። ኩራቱ ይገባል፤ መሣሪያው ግን ሌላ ነበር። 11ኛው በትሕትና አረመው፦ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው የጣሊያን ጦር አብዛኛው የያዘው በ10.4 ሚሊ ሜትር የሚተኩሰውን አሮጌውን ቬተርሊ ነው። አዲሱ 6.5 በአገራቸው ቢታደልም በዚያ ዘመቻ የተዋጉት በዋናነት በቀድሞው ነው። የእኛ ሰዎች ደግሞ ውጅግራ፣ ሬሚንግተንና ሌላም ሌላም ይዘው ነበር። ምንሽር በብዛት ወደ አገራችን የገባው ከ1928 ዓ.ም. ወረራ ጋር ነው።

12ኛው በዚሁ ወረራ ጊዜ አያቱ አርበኛ እንደነበሩ ተረከ። ቤተሰቡ በሚተርከው መሠረት አያትየው ቁመታቸው ዝቅ ያለ ነበር። ከአድፍጦ መጠበቅ በኋላ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ምንሽር ለመንደሩ ሰዎች ሲደርስ፣ ረጅሙን ሌሎች ተሻሙበት፤ ሰው ፊት ግርማ ያለው እሱ ነውና። አያትየው አጭሩን ወሰዱ። ከበርኖሳቸው ስር ይዘውት ገበያ መሐል ሲያልፉ ያየባቸው አልነበረም። እኔ ከክሩ ውስጥ እንደዚህ የወደድኩት የለም። ይህ ሰው ለትንሽ ሰውነት የሚሆን መሣሪያ የቱ ነው የሚለውን ጥያቄ ከእኛ በፊት መልሰውታል።

13ኛው ከዚህ ወረድ ብሎ ሌላ ፈረሰኞችን አነሳ። ጥር 13 ቀን 1933 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ኬሩ አጠገብ፣ ጣሊያናዊው መኮንን አሜዴዮ ጉዬ የሚመራው የአማራ ፈረሰኛ ባንዳ የሚባለው ጦር በእንግሊዞች ላይ በፈረስ ጋልቦ ገባ። በታንክ ዘመን የተደረገ የፈረስ ግልቢያ በመሆኑ በብዙ ጽሑፎች ይወሳል፤ የሞተውም ብዙ ነው። ጸሐፊው የፈረሰኞቹን ድፍረት አደነቀ።

14ኛው ተቆጣ። ለወራሪ የጋለበን ሰው ማድነቅ ከላይ አያቱን ያነሳውን ወንድም መሳደብ ነው አለ። 15ኛው ደግሞ 13ኛውን ደግፎ፣ ድፍረትን ማየትና ዓላማን መደገፍ የተለያዩ ናቸው ብሎ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ግን 14ኛውን አላዋቂ አለው። ከዚህ በኋላ አምስት ስድስት ምላሾች በዘርና በሰፈር ተጎትተው ከመሣሪያው ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ጠፋ። በ22ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ገብተው፣ ሁለቱንም ወገን በስማቸው ሳይጠሩ ገሠጹ፤ ታሪኩ የራሱ ክር እንዲከፈትለት ጠየቁ። አስተባባሪው ባይገቡ ኖሮ ጠያቂዋ ትሸሽ ነበር። በበኩሌ 14ኛው የተሰማው ስሜት ይገባኛል። አንድ ዓይነት መሣሪያ በአርበኛውም በባንዳውም እጅ ስለነበር፣ ስለ መሣሪያው ስንጽፍ የያዘው ማን እንደሆነ መጥራት አለብን።

23ኛው ወደ ጥያቄው ተመለሰ፤ የመለሰው ግን አደገኛ ሐሳብ ይዞ ነው። ጣሊያኖች ባሊላ የሚሉት ትንሽዬ ምንሽር ስላለ፣ ለልጅ ተብሎ የተሠራውን ለምን አትገዛም አለ። 24ኛውና 25ኛው በአንድ ድምፅ ጮኹበት፤ መጮኻቸውም ተገቢ ነው። ባሊላ በ1926 የተቋቋመው የፋሽስቶች የልጆች ድርጅት ከ8 እስከ 14 ዓመት ያሉ ወንድ ልጆችን ሰልፍ የሚያሠለጥንበት ነበር። ያቺ ጠመንጃም ለሰልፍና ድምፅ ብቻ ላለው ባዶ ጥይት የተሠራች ናት። እውነተኛ ጥይት ሊተኮስባት አይገባም፤ የሞከረ ሰው ዐይኑንና እጁን ያጣል። 25ኛው ይህን ከጻፈ በኋላ፣ ልጆችን ገና በስምንት ዓመታቸው ጠመንጃ አስይዞ ለወረራ ማሰናዳት ምን ዓይነት ሥርዓት እንደሆነ በምሬት ጨመረ። ለልጅ ልክ የሆነ መሣሪያ ማለት ሁልጊዜ ለልጅ ደኅንነት የታሰበ ማለት አይደለም።

26ኛው ሌሎች አማራጮችን ጠቀሰ። የስዊድን የ1894 አጭር ጠመንጃ 95 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 6.5 በ55 የሚባለውን ጥይት ይተኩሳል፤ አሠራሩ የተዋበ ነው፣ ዋጋውም እንዲሁ ይወጣል። የጃፓኑ ዓይነት 44 በ1911 ለፈረሰኛ የወጣ ነው፤ እሱም 6.5፣ እሱም ተጣጣፊ ሳንጃ አለው። ምቱ ለስላሳ የሆነ የፈረሰኛ መሣሪያ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ በዚህ ውፍረት ዙሪያ ይፈልግ ማለቱ ነው። በዚህ እስማማለሁ። ሰደፉ ልክ ሆኖ ጥይቱ ከከበደ ትርፍ የለውም። ጥይቱ ቀልሎ ሰደፉ ከረዘመም እንደዚያው።

27ኛው የኬኔዲን ግድያ አነሳ፤ ምንሽር በተወራ ቁጥር ሳይነሳ አይቀርም። 28ኛው ባጭሩ አስተካከለው፦ በ1963 ዳላስ ላይ የተገኘው የ91/38 አጭር እግረኛ ጠመንጃ ነው። ርዝመቱ 102 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከፈረሰኛው ይረዝማል፣ ተጣጣፊ ሳንጃም የለውም። በዚህ አለፉት።

ከዚያ የሁለተኛው ጥያቄ ተራ ደረሰ፤ ክሩም ዳግም የጋለው እዚህ ላይ ነው። 29ኛው ሰደፉ ረዝሞ ከተገኘ ሁለት ሳንቲ ሜትር አስቆርጦ ማሳጠር ቀላል ሥራ ነው፤ እንጨት እንጨት ነው አለ። 30ኛው ሕጉን አስረዳ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የጠመንጃ ቱቦ ከ16 ኢንች፣ ማለትም ከ40.6 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ይደነግጋል። የዚህ መሣሪያ ቱቦ 45 ስለሆነ ያልፋል፣ ሰደፉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢያጥርም ጠቅላላ ርዝመቱ ሕጉን አይነካም። ነገር ግን ከ50 ዓመት በላይ የሆነ መሣሪያ በሰብሳቢዎች ልዩ ምድብ የሚታየው በመጀመሪያ ቅርጹ ላይ ሲገኝ ነው፤ ቆረጥሽው ማለት ከዚያ ምድብ ልታወጪው ትችያለሽ ማለት ነው። በየክፍለ ግዛቱም ሌላ ሕግ ስላለ የራሷን ታጣራ።

31ኛው ግን ሕግ አልጠቀሰም። ከኢትዮጵያ ከገቡት ምንሽሮች አንዱ እሱም ቤት አለ። ሰደፉ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ በጠፍር ተጠፍሯል፣ ሌላ ቦታ በቆርቆሮና በሚስማር ተይዟል። ያንን ጠፍር ያጠበቀው እጅ የማን እንደሆነ ማወቅ ባይቻልም የእኛ ሰው እጅ መሆኑ አያጠራጥርም። ይህን በመጋዝ የሚቆርጥ ሰው ምን እንደሚቆርጥ አላወቀም ብሎ 29ኛውን በስሙ ጠርቶ ወቀሰው። 29ኛው መሣሪያ ለመተኮስ እንጂ ለመስቀል አልተሠራም ብሎ መለሰ። አያቶቻችንም እንደ ፍላጎታቸው ጠግነውታል፤ እሷም እንደ ፍላጎቷ ብታስተካክለው ያው ነው። ይህ ሐሳብ ክብደት አለው፤ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

እኔ ግን ከ31ኛው ጋር ነኝ። ያ ጠጋኝ ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ የተሰበረውን አድኖ እንደገና አሠራው። እሷ ግን ምርጫ አላት። የቆረጡት እንጨት ተመልሶ አይቀጠልም። ለአንድ ሰው ልክ ሲባል የሚጠፋው የብዙ ሰው ማስረጃ ነው። ልብሷን ማሳሳት፣ አቋቋሟን ማስተካከል፣ ትከሻዋን ትንሽ ወደ ዒላማው ማዞር ብዙ ጊዜ ያንን ሁለት ሳንቲ ሜትር ይተካል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተሳካም ሌላ መሣሪያ ትፈልግ፤ ይህኛው እንደ ደረሰን ይቆይ።

33ኛው በመሐል ገብቶ ቤተሰቡ አገር ቤት ያለውን የአያቱን ምንሽር እንዴት ወደ አሜሪካ እንደሚያስመጣ ጠየቀ። 34ኛው ባለማመን መለሰለት፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ዓ.ም. አለ፣ አሜሪካም ሳይፈቅድ ምንም አይገባም፤ በሻንጣ ስለማምጣት ማሰብ እስር ቤት መፈለግ ነው። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ።

በ35ኛው ጠያቂዋ ራሷ ተመለሰች። ከመግዛቷ በፊት አንድ የክበቡ አባል ያንኑ ዓይነት አጭር ምንሽር አምጥቶላት ነበር። በ2ኛው ምላሽ እንደተነገራት ለካችው፤ በቀጭን ሸሚዝ ጣቷ ቃታው ላይ በደንብ ደረሰ፣ በክረምት ካፖርት ግን አልደረሰም። ቆማ ተኮሰች፣ ክንዷ አልዛለም፣ ትከሻዋም አልበለዘም። ያልገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በ50 ሜትር ላይ ጥይቶቿ ሁሉ ተሰብስበው ገቡ፤ ነገር ግን ካነጣጠረችበት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብለው።

36ኛው በደስታ መለሰላት፤ የተሰበሰበ ጥይት ማለት ተኳሿም መሣሪያውም ደህና ናቸው ማለት ነው። የዚያ ዘመን ማነጣጠሪያ የተሠራው ለሩቅ ጦርነት ስለሆነ ቅርብ ላይ ሁሌም ከፍ ያደርጋል። ዒላማውን በመሐሉ ሳይሆን ከግርጌው በታች ብትይዘው ይስተካከላል። 37ኛው የፊቱን ማነጣጠሪያ ቁመቱ ከፍ ባለ ማስቀየር ይቻላል አለ። 31ኛው ወዲያው ተመልሶ የድሮውን ሳትጥል በፖስታ ውስጥ እንድታስቀምጠው አሳሰበ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ምላሾች ለገዢ የሚጠቅሙ ስለሆኑ በዝርዝር ልጻፋቸው። 38ኛው ሻጩን ምን እንደምትጠይቅ ነገራት። የመጀመሪያው፣ መሣሪያው በፋብሪካ አጭር ሆኖ የተሠራ ነው ወይስ ከረጅሙ የተቆረጠ? የምንሽር ቱቦ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ከመነሻው ላላ ብሎ ጀምሮ ወደ አፈሙዙ እየጠበበ የሚሄድ ነው። ረጅሙን ከፊት የቆረጠ ሰው የጠበበውን ክፍል ይጥለዋል፣ ጥይቱም በሚገባ ሳይሽከረከር ይወጣል። ጣሊያኖች ራሳቸው ከረጅሙ ቆርጠው ያወጡት 91/24 የሚባል አለ፤ እሱ በዚህ ይታማል። ከመጀመሪያው ለፈረሰኛ ተብሎ የተሠራው ይህ ችግር የለበትም። ሁለተኛው፣ ያልደበዘዘ የአፈሙዙ ፎቶና ቱቦው ውስጥ ብርሃን ተይዞ የተነሳ ፎቶ ይላክላት። በሽቦ በተሠራ መጥረጊያ ከፊት በኩል ለዓመታት ሲጠረግ የኖረ መሣሪያ አፈሙዙ ይበላል፣ ልክ የሆነ ሰደፍም ያንን አይመልሰውም። ሦስተኛው፣ ከመተኮሷ በፊት የጠመንጃ ጥገና ባለሙያ ጥይቱ ሲቀመጥ ከመዝጊያው ጋር ያለውን ክፍተት ይለካላት። ከኢትዮጵያ ክምችት የወጡት ብዙ ዘመን አገልግለዋልና ይህ የግድ ነው። የተሰነጠቀ ሰደፍም በጠፍር ስለተያዘ ብቻ ምቱን ይችላል ማለት አይደለም፤ ባለሙያው እሱንም ይይላት።

39ኛው ስለ ጥይት ማሰሪያው አስታወሳት። ያለ ማሰሪያው መሣሪያው አንድ አንድ እየተጎረሰ ብቻ ይተኮሳል፤ ያውም በቀላሉ አይጎርስም። ስድስቱ ጥይት ከነማሰሪያው ከላይ ይገባል፣ የመጨረሻው ጥይት ወደ መቀመጫው ሲሄድ ባዶው ማሰሪያ ከስር ባለው ቀዳዳ ይወድቃል። በየትኛውም ጫፉ ቢገባ ይሠራል፣ ስለዚህ በጥድፊያ መገልበጥ የለም። ትንሽ እጅ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ምቾት ነው፤ ስድስት ጥይት በአውራ ጣት አንድ በአንድ ወደ ታች መግፋት ይቀርለታል። የወደቁትን ማሰሪያዎች መሬት ላይ እንዳይረገጡ ጨርቅ ዘርግታ ትሰብስብ፤ የተጣመመ ማሰሪያ ጥይት ያነቃል።

40ኛው፣ ከ4ኛው ጊዜ ጀምሮ ሲሳደብ የነበረው የዳላሱ ሰው ነው። አሮጌ የሞሲን ጥይት ስለሚሸጥበት ዋጋ ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም። በ41ኛው ጠያቂዋ የአፈሙዙ ፎቶ እንደደረሳትና ሰደፉ ላይ ከማንገቻው ቀለበት አጠገብ በጠፍር የታሰረ ስንጥቅ እንዳለ ጻፈች። ጠፍሩ ሳይነካ ስንጥቁን ከውስጥ በሙጫ የሚያጠናክር ባለሙያ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ አካባቢ የሚያውቅ ሰው በግል እንዲጽፍላት ትለምናለች።